ወንዝና ሥልጣኔ፤ ምክንያትንና ውጤትን አገናዝቦ መጻፍ

፩. መነሻ

በዚህ ትምህርት ሁለት ጉዳዮች ተያይዘው ይቀርባሉ። አንደኛው በጥንቱ ዓለም በታላላቅ ወንዞች ዳርቻ ሥልጣኔ እንዴት እንደ ተጀመረ የሚያስረዳ ምንባብ ነው። ሁለተኛው ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላትን በሚገባቸው ቦታ የማዋል ልምምድ ነው። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ለምን እንደ ተጣመሩ ለመረዳት አስቀድማችሁ የሚከተለውን አጭር ድርሰት አንብቡ። ድርሰቱን የጻፈው ከጅማ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሰቃ አካባቢ ይማር የነበረ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው።

«በጥንት ዘመን የግብጽ ሰዎች በአባይ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ከዚያ በኋላ መንግሥት አቋቋሙ፤ ፒራሚድም ሠሩ። ስለዚህ ሥልጣኔን የፈጠረው ወንዝ ነው። በእኛም አገር ጊቤ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። ነገር ግን በጊቤ ዳር ፒራሚድ የለም። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎቻችን ሰነፎች ነበሩ ማለት ነው።»

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በዚያን ጊዜ የልጁ መምህር ነበር። ድርሰቱን አርሞ ሲመልስ በቀይ ቀለም ያሰመረው ሁለት የፊደል ግድፈቶችን ብቻ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ ባለቤትና ማሠሪያ አንቀጽ ነበራቸው፤ ነጥባቸውም በቦታው ነበር። ስለሆነም ጥሩ ነጥብ ተሰጠው። ነገር ግን ልጁ ቡና ተክለው፣ ጨፌ አጠንፍፈው አገር ያቆዩለትን አያቶቹን በአንዲት «ስለዚህ» ሰነፎች ብሎ ሲፈርድባቸው መምህሩ አልፎት ሄደ። ስሕተቱ የታየው ዘግይቶ ነው። ይህ ትምህርት የዚያ እርማት ቀሪ ክፍል ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

፪. ምንባብ፦ የአንድ አገር ሁለት ውኃዎች

በክረምት ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ የሚጓዝ ሰው ዝናቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲወርድ ያያል። ዝናቡ አንድ ነው፤ ምድሩ ግን ውኃውን ለሁለት ይከፍለዋል። በሰቃና በጅማ በኩል የወረደው በአዌቱና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፤ ግልገል ጊቤ ከታላቁ ጊቤ ጋር ይቀላቀላል፤ ጊቤም ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ተብሎ በደቡብ ጠረፍ በቱርካና ሐይቅ ይቀራል። በጎማ ተራሮች ማዶ የወረደው ግን ከዴዴሳ ጋር ይጓዛል፤ ዴዴሳ አባይን ይገናኛል፤ አባይም ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። እንግዲህ በአንድ የቡና አገር ከወረዱት ሁለት ጠብታዎች አንዱ ወደ ፒራሚድ አገር ይሄዳል፤ ሌላው ፒራሚድ ወደሌለበት ጠረፍ ይወርዳል። የተማሪውን አባባል ለመመርመር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ይህ የውኃ መለያ አገር የተማሩ ሰዎችንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ወደ ኢናርያ የመጣው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ የጊቤ ውኃ ዞሮ ወደ ነጭ አባይ እንደሚገባ አምኖ የነጭ አባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎ ነበር። ወንዙን እስከ መጨረሻው ተከትሎ አልወረደም። ኦሞ በእርግጥ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1896 በጣልያናዊው በቦቴጎ ጉዞ ነው። ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ከዴዴሳ ጋር እንውረድ። ወደ ግብጽ ከሚደርሰው የአባይ ውኃ ከመቶ ሰማንያ አምስት (85) እጅ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚመነጭ ነው። ግብጽ ራስዋ ዝናብ የላትም ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ በአስዋን ዓመቱ በሙሉ ያለ ዝናብ ሊያልፍ ይችላል። የእኛ ክረምት ሲበረታ አባይ በግብጽ ከሐምሌ ጀምሮ ሞልቶ ከዳርቻው ይወጣና ሸለቆውን ያለብስ ነበር። በጥቅምት ገደማ ሲጎድል ጥቁር ደለል ትቶ ይመለሳል። ገበሬው በዚያ ርጥብ ጭቃ ላይ ይዘራል፤ በሚያዝያ ገደማ ያጭዳል። ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ውኃው ይመለሳል። የሙላቱን ጊዜ ልብ በሉ። አሮጌው እህል ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አዲሱ ዘር ከመዘራቱ በፊት ይደርሳል። ውኃው መሬቱን ሲያጥብ ጨውን ጠርጎ ስለሚሄድ ማሳው በየዓመቱ ይታደሳል። ግብጻውያንም ዓመታቸውን በዚሁ ሥርዓት ለሦስት ወቅት ከፍለው ነበር፤ የሙላት፣ የቡቃያና የአጨዳ ወቅት።

ይሁን እንጂ ወንዙ ሁልጊዜ እኩል አይመጣም። በአንዱ ዓመት አንሶ ረኃብ ያመጣል፤ በሌላው ዓመት በዝቶ መንደር ይጠርጋል። ስለዚህ ውኃውን መለካት አስፈለገ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 ገደማ የተቀረጸና ዛሬ ትልቁ ስባሪው በኢጣልያ በፓሌርሞ ከተማ የሚገኝ ድንጋይ አለ። በላዩ ላይ የነገሥታቱ ዓመታት በተርታ ተቀርጸዋል፤ በብዙዎቹ ዓመታት ሥር የዚያ ዓመት የሙላት ከፍታ በክንድ፣ በጋትና በጣት ተለክቶ ተጽፏል። እኛ ጣቃ የምንለካበት ክንድ ማለት ነው፤ የእነርሱ ግን ሰባት ጋት ነበር። ውኃ የሚለካ ሰው መዝገብ ይይዛል፤ መዝገብ የያዘ ሰው ግብር ይገምታል፤ ግብር የሚገምት ጎተራ ያስፈልገዋል፤ ጎተራ ያለው ደግሞ በአጨዳና በዘር መካከል ባለው የሙላት ጊዜ ሥራ የፈታውን ገበሬ ቀልቦ ድንጋይ ሊያስጎትት ይችላል። ላይኛውና ታችኛው ግብጽ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ በአንድ ንጉሥ ሥር ሆኑ። የኩፉ ታላቅ ፒራሚድ የተሠራው ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ በ2560 ገደማ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የግብጽ ሸለቆ ግራና ቀኙ በረሓ ነው። ንጉሥ ያስመረረው ገበሬ ሸሽቶ የሚሰፍርበት ዝናብ ያለው ኮረብታ አልነበረውም። አሜሪካዊው ሊቅ ሮበርት ካርኔሮ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ መንግሥታት አስቀድመው ከበቀሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የመሸሻ ማጣት እንደ ሆነ አመልክቷል። ወንዙ ለግብጽ ገበሬ እንጀራው ነበር፤ ማሰሪያ ገመዱም ነበር።

አሁን ወደ ጤግሮስና ኤፍራጥስ እንሻገር። ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር በደቡቡ ክፍል የሱመር ሰዎች የገጠማቸው ወንዝ የተለየ ጠባይ ነበረው። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚሞሉት በሰሜን ተራሮች በረዶ በሚቀልጥበት በሚያዝያና በግንቦት ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ እህሉ በማሳው ላይ እየደረሰ ነው። ስለሆነም የአባይ ሙላት ለግብጽ በረከት ሆኖ ሳለ የኤፍራጥስ ሙላት ለሱመር ስጋት ነበር። ሰዎቹ ሙላቱን በአፈር ክምር መከልከል፣ ውኃ በሚጠፋበት በመጸው ደግሞ በቦይ መጥራት ነበረባቸው። ቦዩ በየዓመቱ በደለል ይደፈናል፤ በየዓመቱም ይጠረጋል። ማን በስንት ቀን ይጥረግ? ማን አስቀድሞ ውኃ ያግኝ? በእኛም አገር በመስኖ ውኃ ተራ የተጣላ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

በኡሩክ ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 ገደማ፣ ጽሕፈት የተጀመረው ለቅኔ ወይም ለታሪክ አልነበረም። ከተገኙት የሸክላ ሰሌዳዎች እጅግ የሚበዙት የገብስ፣ የጠላ፣ የበግና የቀለብ ሒሳብ ናቸው። ይህን የሚያነብ ተማሪ ሊያዝን አይገባውም። ከዚያው ጽሕፈት በኋላ ዘመን ተረትም፣ መዝሙርም፣ ሕግም ተጽፎበታል። የከተማይቱ ፍርስራሽ ዛሬ ዋርካ ይባላል፤ ከእኛ የዋርካ ዛፍ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም። ስም ስለ ተመሳሰለ ዘር ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው ሞልቷልና ይህንንም በዚሁ ትምህርት አስታውሱት።

ካርል ዊትፎገል የተባለ ጀርመን ተወላጅ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትልልቅ የመስኖ ሥራ አንድ አዛዥ ስለሚጠይቅ ኀይለኛ መንግሥታትን የወለደው መስኖ ነው የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። አሳቡ ለጊዜው ብዙ ተከታይ አገኘ። ሮበርት አዳምስ የተባለው የጥንት ቅርስ ተመራማሪ ግን የኢራቅን ሜዳ በእግርም በአየር ፎቶግራፍም መረመረ። ቀደምቶቹ ቦዮች አጫጭርና በየመንደሩ የሚያዙ መሆናቸውን፣ ረጃጅሞቹ የነገሥታት ቦዮች ግን መንግሥት ከቆመ ከብዙ ዘመን በኋላ የተቆፈሩ መሆናቸውን አሳየ። ምክንያት የተባለው ነገር በጊዜ ቅደም ተከተል ከውጤቱ በኋላ ተገኘ ማለት ነው። በዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ አስተያየት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ ይህን ያህል ለተማሪ የሚጠቅም የለም።

በኢንደስ ሸለቆ ሞሄንጆ ዳሮና ሐራፓ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ገደማ ደርጅተው ነበር። የሸክላ ጡባቸው ቁመት፣ ወርድና ውፍረት በአንድ ሥፍር የተወሰነ ነበር፤ የቤቶቻቸው ቆሻሻ ውኃ በየመንገዱ በተሠራ ቦይ ይወርድ ነበር። ጽሕፈታቸው እስከ ዛሬ አልተነበበም። ቤተ መንግሥት ወይም የንጉሥ መቃብር ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የተለየ ሕንጻም አልተገኘባቸውም። በቻይና በኋንግ ሆ አገር ደግሞ በአንያንግ የተገኙት የጥንቆላ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 ገደማ ጀምሮ የተጻፈባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ሰቃ ተመልሰን ሁለተኛውን ጠብታ እንከተል። ከግልገል ጊቤ ወደ ጊቤ፣ ከጊቤ ወደ ኦሞ የወረደው ውኃ በታችኛው ኦሞ ልክ እንደ አባይ ይሞላ ነበር። ክረምት ሲያልፍ ወንዙ ሲሸሽ ርጥብ ደለል ይተዋል። ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራና ሙርሲ በዚያ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ይህ አሠራር ግብጽ በመጀመሪያ ዘመንዋ ከኖረችበት የእርሻ ዓይነት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ውኃው የእኛው ደጋ ውኃ ነው፤ ደለሉ የእኛው ደጋ አፈር ነው። በዚያ ጠረፍ ግን ንጉሥም፣ ጎተራም፣ ግብር ጸሐፊም አልበቀለም። ሕዝቡ ሥርዓት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ የዳር እርሻ በቤተ ዘመድ ይያዛል፤ ሽማግሌ ይሸመግላል። ሙላት ያልደረሰበት ዘላን ደግሞ ከብቱን ይዞ ወደ ሌላ ግጦሽ ይሄዳል። የጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ የተፈጥሮ ሙላት እንደ ቀድሞው መምጣቱ ቀርቷል። በግብጽም የአስዋን ታላቅ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ የሺህ ዓመታቱ ሙላት አብቅቷል።

በላይኛው ጊቤስ? እዚህ መንግሥት ነበር፤ ያውም አምስት። ሊሙ ኢናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ገደማ በነገሥታት የሚተዳደሩ አገሮች ሆነው እናገኛቸዋለን። አባ ባጊቦ ሊሙ ኢናርያን እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 ገዙ። በጅማ የመጀመሪያው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1830 መንግሥታቸውን አጸኑ፤ የጅሬን ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ የሚጎበኘው ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1932 ነገሡ። ታዲያ እነዚህን መንግሥታት ያቆማቸው የጊቤ ሙላት ነበርን? አልነበረም። በጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል። ቡናውም፣ በቆሎውም፣ እንሰቱም የሚጠጣው ከሰማይ ነው። ወንዙን በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳ መውሰድ ግድ አልነበረም። ስለዚህ የውኃ ዳኛ፣ የቦይ አዛዥ፣ የሙላት መዝገብ አላስፈለገም።

የጊቤ ነገሥታት የሚቆጣጠሩት መንገድን ነበር። ከከፋ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ በጅማና በሊሙ አድርጎ ወደ ጎጃም ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወጣ ነበር። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይጫናል። ባርያም ይነዳል፤ የነገሥታቱ ሀብት ከዚህም ይገኝ እንደ ነበረ ሳይሸሸግ መነገር አለበት። የሊሙዋ ሰቃ በዚያን ዘመን የታወቀች የነጋዴዎች ገበያ ነበረች፤ ስምዋ ከሰቃ ጮቆርሳ ጋር ስለሚመሳሰል እንዳታምታቱ። በጅማም የሂርማታ ገበያ እጅግ የሰፋ ነበር። በየጠረፉ ኬላ ቆሞ ቀረጥ ይሰበሰባል። ከኬላው ውጪ ሾልኮ እንዳይታለፍ ድንበሩ በጉድጓድና በአጥር ይታጠራል፤ ከአጥሩ ማዶ ማንም የማይሰፍርበት ሞጋ የተባለ ባዶ መሬት ይተዋል። ሱመራውያን አፈር የሚቆፍሩት ውኃ ለማስገባት ነበር፤ የጊቤ ሰዎች የቆፈሩት ጠላት እንዳይገባ ነጋዴም በበሩ ብቻ እንዲያልፍ ነው። ጊቤም በክረምት ሲሞላ ለአገሩ ቅጥር ሆኖ ያገለግል ነበር።

፫. ቃላት

በምንባቡ ውስጥ «ደለል» የተባለው ውኃ ከሩቅ አምጥቶ የሚያስቀምጠው ደቃቅ አፈር ነው። «ጨፌ» ውኃ የማያጣው ሣራማ ረግረግ ነው። «ሲራራ ነጋዴ» ማለት ዕቃ በከብት ጭኖ ከአገር ወደ አገር በጓድ የሚጓዝ ነጋዴ ማለት ነው። «ኬላ» የሚለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በጊቤ አገር ቃሉ የቀረጥ መቀበያ በርን ያመለክት ነበር። «ጋት» የአራት ጣት ወርድ ነው።

፬. ሰዋስው፦ «በኋላ» እና «ስለ»

በአማርኛ ጊዜን የሚያመለክቱና ምክንያትን የሚያመለክቱ ቃላት ይቀራረባሉ። «ከዚያ በኋላ»፣ «ወዲህ»፣ «ሲ-» ጊዜን ያሳያሉ። «ስለ»፣ «ከ… የተነሣ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» ምክንያትን ወይም ውጤትን ያሳያሉ። «ስለ» ከስም ሲቀድም ጉዳይን ሊያመለክት ይችላል፤ «ስለ ጊቤ ተናገረ» እንደ ማለት። ከግሥ ሲቀድም ግን ምክንያትን ያመለክታል፤ «ጊቤ ስለ ሞላ ነጋዴው ቆመ» እንደ ማለት።

አስቸጋሪው ቦዝ አንቀጽ ነው። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. ዝናብ ጠፍቶ እህሉ ደረቀ።

ለ. ገበሬው ቡናውን ለቅሞ ወደ ገበያ ሄደ።

ሁለቱም በአሠራር አንድ ናቸው፤ ቦዝ አንቀጽ ይቀድማል፣ ማሠሪያ አንቀጽ ይከተላል። ሆኖም «ጠፍቶ» የድርቀቱን ምክንያት ሲነግረን «ለቅሞ» የሥራውን ተራ ብቻ ይነግረናል። ቋንቋው ልዩነቱን በመልክ ስላልለየው አንባቢው በልቡናው ይለየዋል። ጸሐፊው ሲሳሳትም ስሕተቱ በዚህ ቀዳዳ ይገባል።

ሁለቱን ለመለየት ዐረፍተ ነገሩን ገልብጣችሁ «ስለ… ነው» በሚል ማሠሪያ ፈትኑት። «እህሉ የደረቀው ዝናብ ስለ ጠፋ ነው» ብንል ትርጉሙ አይናጋም። «ገበሬው ወደ ገበያ የሄደው ቡናውን ስለ ለቀመ ነው» ብንል ግን አንባቢው ይጠራጠራል፤ ጨው ለመግዛት፣ ዘመድ ለመጠየቅ ሄዶ ሊሆን ይችላልና። ፈተናው ሲከብድ ቃሉ ጊዜን እንጂ ምክንያትን አያመለክትም።

የተማሪውን ድርሰት በዚሁ እንፈትን። «የግብጽ ሰዎች መንግሥት ያቋቋሙት በወንዝ ዳር ስለ ሰፈሩ ነው።» ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ ያምራል። ስለሆነም ሁለተኛ ፈተና ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው። በወንዝ ዳር ሰፍረው መንግሥት ያላቋቋሙ አሉን? አሉ፤ የታችኛው ኦሞ ሰዎች። ትልቅ ወንዝ ሳይኖራቸው መንግሥት ያቋቋሙስ? አሉ፤ አክሱማውያን። የአክሱም ከተማ በታላቅ ወንዝ ዳር አልተቈረቈረችም። ደጋዋ በክረምት ዝናብ ያርሳል፤ ኀይልዋ የመጣው ከእርሻዋና አዱሊስ በተባለው ወደብ በኩል ከሚደረገው የቀይ ባሕር ንግድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሦስተኛው ምእት ዓመት የራስዋን ገንዘብ እስከ መቅረጽ ደርሳለች። ምክንያት የተባለው ነገር ኖሮ ውጤቱ ከጠፋ፣ ምክንያት የተባለው ጠፍቶም ውጤቱ ከተገኘ፣ «ስለዚህ» የሚለው ቃል በዚያ ቦታ መቆም አይችልም።

ይህ ማለት ግን ወንዙ ከነገሩ የለበትም ማለት አይደለም። ወንዙ አንዱ ምክንያት ነው። በግብጽ የዝናብ አለመኖር፣ የሙላቱ ጊዜ መመቸት፣ የመሸሻ መጥፋትና የጎተራ መኖር አብረውት ቆመዋል። ብዙ ምክንያት ያለውን ነገር ለመጻፍ ቋንቋችን በቂ መሣሪያ አለው። «ከምክንያቶቹ አንዱ… ነው»፤ «ይህም ሊሆን የቻለው… በመኖሩ ጭምር ነው»፤ «ብቻውን ግን በቂ አልነበረም» እንላለን። እነዚህ ሐረጎች ድርሰትን ያደክማሉ የሚሉ መምህራን አሉ። አዘጋጁ በዚህ አይስማማም፤ ድርሰትን የሚያደክመው ያልተመረመረ «ስለዚህ» ነው።

የልጁን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለብቻው እንየው። «ስለዚህ የቀድሞ ሰዎቻችን ሰነፎች ነበሩ።» ይህ «ስለዚህ» የቆመው ከፊተኛው «ስለዚህ» ትከሻ ላይ ነው። የታችኛው ሲወድቅ የላይኛውም አብሮ ይወድቃል። ከዚህም በላይ በውስጡ ያልተነገረ አሳብ ተደብቋል፤ ፒራሚድ የሠራ ሁሉ ትጉ፣ ያልሠራ ሁሉ ሰነፍ ነው የሚል። ይህ አሳብ በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ልጁ ራሱ ይስቅበት ነበር፤ አባቱ በኅዳር ጎሕ ሲቀድ ቡና ሊለቅም ሲወጣ ያየዋልና። በጊቤ አገር የሰው ጉልበት የዋለው በቡና ጥላ ሥር፣ በድንበር ጉድጓድና በገበያ መንገድ ላይ ነው። ጉድጓድ ይደፈናል፤ አጥር ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ግን ይቆያል። እኛ የምናየው የቆየውን ብቻ ስለ ሆነ ያልቆየውን እንዳልተሠራ መቁጠር ይቀናናል።

፭. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በ«ስለ… ነው» ማሠሪያ ገልብጣችሁ ጻፉ። ከዚያ ቦዝ አንቀጹ ጊዜን ወይም ምክንያትን የሚያመለክት መሆኑን ለይታችሁ ተናገሩ።
ጊቤ ሞልቶ ሲራራው ነጋዴ በዳር ሰነበተ።
ነጋዴው ቀረጡን ከፍሎ በኬላው አለፈ።
ቦዩ በደለል ተደፍኖ ማሳው ውኃ አጣ።
ቀበሌው መንገድ ጠርጎ ለገበያ ቀን ተዘጋጀ።

2. የኤፍራጥስ ሙላት ለሱመር ገበሬ ስጋት፣ የአባይ ሙላት ለግብጽ ገበሬ በረከት የሆነበትን ምክንያት ከአምስት በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙ።

3. አንቷን ዳባዲ የተሳሳተው የትኛውን ነገር ሳያይ በመቅረቱ ነው? መልሳችሁን «…ሳይ… …በመደምደሙ» በሚል አሠራር በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ።

4. በሰፈራችሁ ያለ አንድ ገበያ፣ አንድ መንገድ ወይም አንድ የቡና ማሳ ምረጡ። በዚያ ቦታ እንዴት ሊገኝ እንደ ቻለ ቢያንስ ሁለት አረጋውያንን ጠይቁ። የነገሯችሁ ምክንያት የተለያየ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ፤ የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ አስተያየታችሁን አክሉ። ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ።

5. በመነሻው ላይ የቀረበውን የተማሪውን ድርሰት እንደገና ጻፉ። ፒራሚዱም፣ ጊቤም፣ የቀድሞ ሰዎችም ከድርሰቱ መውጣት የለባቸውም። «ሰነፎች» የሚለውን ቃል ይዤ እቀራለሁ የሚል ተማሪ ካለ ማስረጃውን አብሮ ያቅርብ።